መወሰን አልችልም

ዶክትሬት ልጀምር ነው ብዬ ለአጎቴ የነገርኳቸው ቀን ትዝ ይለኛል። አጎቴ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ይሰማሉ፤ ታዲያ ከዜናው ይልቅ በዜናው መሃል የሚመላለሱትን ቃላት ነው የሚከታተሉት።

«ምንድነው የምትማረው?» አሉኝ።

«የትምህርት አመራርና ፖሊሲ።»

የሬዲዮኑን ድምፅ ቀነሱት። «አመራር?»

«አዎ፣ የትምህርት አመራር።»

«በዚህ ዕድሜህ ካድሬ ልትሆን?»

እዚያ የነበርነው ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። ነገሩ የገባኝ ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ነው። አመራር የሚለው ቃል የሥራ ስም መሆኑ ቀርቶ የሰው ስም ከሆነ ስንት ዘመኑ! «አመራሩ መጣ» እንላለን፤ «አመራሩ ስብሰባ ላይ ነው» እንላለን፤ «አመራሩን ሳናናግር ምንም ማለት አንችልም» እንላለን። ደረጃም አለው። ጤፍ ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ እየተባለ እንደሚለየው ሁሉ ከፍተኛ አመራር፣ መካከለኛ አመራር፣ ዝቅተኛ አመራር ይባላል። አጎቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሬዲዮ የሰሙት ይሄንኑ ነው፤ ምን ይበሉ?

ትምህርት ቤት ግን የራሱ ቃል ነበረው። ርዕሰ መምህር ይባላል። የመምህራኑ ራስ ማለት ነው፤ እሱም ራሱ መምህር የሆነ። እኔ ተማሪ ሳለሁ የነበሩት ርዕሰ መምህር በሳምንት ስድስት ክፍለ ጊዜ ታሪክ ያስተምሩ ነበር። ቢሯቸው ተቆልፎ ካገኛችሁት ክፍል ገብተዋል ማለት ነው። ዛሬ የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተቆልፎ ካገኛችሁት ስብሰባ ሄዷል ማለት ነው።

ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር፤ አለበለዚያ ሰው የማማ እመስላለሁ። ዘጠኝ ዓመት ጂኦግራፊ አስተማርኩ። ከዚያ ከአዲስ አበባ የሦስት ሰዓት መንገድ ባለች ከተማ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ሰባት ዓመት ርዕሰ መምህር ሆንኩ። መስከረም 2012 ዓ.ም. ዶክትሬት ጀመርኩ። አራት ዓመት ይፈጃል የተባለው ትምህርት ኮሮና ገባበት፤ መጋቢት 2012 ላይ የአገሩ ትምህርት ቤት ሁሉ ተዘጋ። ከዚያ ጦርነት ገባበት። የአማካሪዬ የውጭ ጉዞ ገባበት። የእኔም ስንፍና አልቀረም። ይኸው 2018 ደርሰናል፤ ዲፌንሱ ገና ነው።

የመጀመሪያው ቀን ክፍል ስንገባ ዘጠኝ ነበርን። ሦስቱ ከክልል ትምህርት ቢሮዎች የመጡ ኃላፊዎች ናቸው። ሁለቱ የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ አንዱ የኮሌጅ ዲን፣ አንዱ ከረድኤት ድርጅት፣ አንዱ ከፌዴራል መሥሪያ ቤት። ዘጠነኛው እኔ ነኝ፤ በቀጥታ ከትምህርት ቤት የመጣሁ እኔ ብቻ። መምህራችን ራሳችንን እንድናስተዋውቅና ስንጨርስ ምን ለመሥራት እንዳሰብን እንድንናገር ጠየቁን። አንዱ «ፖሊሲ ማማከር» አለ። አንዱ «ወደ ዓለም አቀፍ ድርጅት» አለ። ሁለቱ «ምርምር» አሉ። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ሁሉም ዞር ብለው አዩኝ፤ መቼም ይሄኛውስ ወደ ትምህርት ቤቱ ይመለሳል ብለው ሳይሆን አይቀርም። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ «በትምህርት አመራር ሥልጠና ዘርፍ ማገልገል እፈልጋለሁ» አልኩ። ከትምህርት ቤት መውጣት እፈልጋለሁ የሚለውን ሐሳብ ከዚህ በላይ በጨዋ ቋንቋ ማስቀመጥ የሚቻል አይመስለኝም።

እንዲያው ለመሞከር ያህል ግን ጠይቄ ነበር። ወደ ወረዳው የሰው ኃይል ክፍል ሄጄ፣ ዶክትሬቴን ይዤ ወደ ትምህርት ቤቴ ብመለስ ደመወዜ በየትኛው እርከን ላይ እንደሚያርፍ ጠየቅኩ። ባለሙያዋ ወጣት ልጅ ናት። አንድ ትልቅ መዝገብ ገለባበጠች፣ ጓደኛዋን ጠራች፣ ሁለቱም መዝገቡን አዩት። በመጨረሻ በጣም ትሕትና በተሞላበት ድምፅ «ጋሼ፣ እኛ ጋ ለዶክተር የሚሆን መደብ የለም። ዩኒቨርሲቲ አይሻልዎትም?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስለ ትምህርት ቤት አመራር ትልቁን ዕውቀት የያዘ ሰው በትምህርት ቤት ውስጥ ወንበር የለውም። ወንበሩ ያለው ስለ ትምህርት ቤቱ በሚወራበት ቦታ ነው።

ማዕረጉማ ቀድሞኝ ነው የመጣው። በሁለተኛው ዓመት የዕድራችን ጸሐፊ ስሜን በመዝገቡ ላይ «ዶ/ር» ብሎ ጻፈው። ለማረም ይሉኝታ ያዘኝ። ይሉኝታ ብቻ ግን አልነበረም።

የትምህርቱ ስም ሁለተኛ ግማሽ ፖሊሲ ነው። ስለ ፖሊሲ ትንተና ሞዴሎች ብዙ ተማርን፤ ክብ አለ፣ መሰላል አለ፣ ቀስት አለ። እኔ ግን ፖሊሲ የሚባለውን ነገር ከመማሬ በፊት በደብዳቤ አውቀዋለሁ። በቀይ ማኅተም «አስቸኳይ» የሚል ተመትቶበት ይመጣል። መምህር ሆኜ በጀመርኩበት ዘመን ፕላዝማ መጣ፤ 1997 ዓ.ም. ነበር። ለ9ኛ ክፍል ልጆች ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይለቀቅላቸዋል። መምህሩ ሲጀመር ጥቂት ደቂቃ፣ ሲያልቅ ጥቂት ደቂቃ አለው፤ መሃሉ የቴሌቪዥኑ ነው። አንድ ተማሪዬ እጁን አውጥቶ ቴሌቪዥኑን ሊጠይቅ ሲል አይቼዋለሁ፤ ከዚያ ራሱ አፍሮ እጁን አወረደ። ቀጥሎ ቢፒአር መጣ። ቢኤስሲ መጣ። አንድ ለአምስት መጣ፤ ልጆቹን በጎበዝ ተማሪ ሥር አምስት አምስት አድርገን አሰለፍን። ካይዘን መጣ። እያንዳንዱ ሥልጠና ነበረው፣ እያንዳንዱ ሥልጠና አበል ነበረው፣ እያንዳንዱ ሪፖርት ነበረው። ሪፖርቱን የምፈርመው እኔ ነበርኩ። አንዱም ሲቀር ደብዳቤ አልመጣም። ሲመጣ ነው እንጂ ሲሄድ የሚናገር የለም። በኮርሶቻችን ውስጥ ፕላዝማው ለምን እንደመጣ፣ ለምን ክፍሉ ግድግዳ ላይ አቧራ ጠጥቶ እንደቀረ፣ አንድ ቀን እንኳ አልተነሳም። እኔም አላነሳሁም፤ የኮርሱ ንባብ ብዙ ነበር።

አንድ ታሪክ ግን አለ፤ በዚህ ትምህርት ዘርፍ የሚገባ ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ቀን ሊነገረው የሚገባ። በ1964 ዓ.ም. ባለሙያዎች ተሰብስበው፣ የዓለም ባንክም ገንዘብ ረድቶ፣ የኢትዮጵያን ትምህርት ከሥር እስከ ላይ አጠኑ። ሴክተር ሪቪው ይባላል። ለብዙኃኑ ልጅ አጭር መሠረታዊ ትምህርት እንዲዳረስ የሚል፣ በወረቀት ላይ ሲነበብ ክፉ ያልሆነ ሐሳብ ነበረው። መምህራኑ ግን አልተጠየቁም። ወሬው ቀስ እያለ ደረሳቸው፤ ደመወዛችን ሊነካ ነው፣ የድሃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ ሊቀር ነው ብለው ተረዱት። የካቲት 1966 ላይ ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ሰሞን የታክሲ ሹፌሮችም በነዳጅ ዋጋ አቆሙ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። ጥናቱ ወደ ጎን ተደረገ፤ ከወራት በኋላ መንግሥቱም ወደቀ። የጥናት ወረቀት ብቻውን መንግሥት ጣለ አልልም። ግን ትምህርት ቤትን ያለ መምህሩ አጥንቶ መጨረስ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ከዚህ በላይ ምን ምሳሌ ይምጣ? ይህን በጥናቴ ምዕራፍ ሁለት ላይ ስምንት ገጽ ጻፍኩበት። አማካሪዬ «በሁለት አንቀጽ ቋጨው» አለኝ። ቋጨሁት።

ለነገሩ ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ዲግሪው ራሱ የመጣው ከአሜሪካ ነው። በ2005 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የኮሎምቢያው ቲቸርስ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት አርተር ሌቪን የአገራቸውን የትምህርት አመራር ሥልጠና አስጠንተው አንድ ሪፖርት አወጡ። ከመምህራን ማሠልጠኛዎች ሁሉ ስመ ጥር የሆነውን የሚመሩ ሰው ነበሩ እንግዲህ። ለትምህርት ቤት መሪዎች የሚሰጠው የትምህርት ዶክትሬት ይቅር አሉ። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ደካማ ናቸው፣ ሰዉም የሚመዘገበው ለደመወዝ ጭማሪ ነው ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ብዙ ሰው ተቆጣቸው። ቢሆንም ሃርቫርድ ጥቂት ቆይቶ፣ በ2010፣ አዲስ የአመራር ዶክትሬት ከፈተ፤ ሦስት ዓመት ነው፣ ሦስተኛውን ዓመት ተማሪው በትምህርት ሥርዓት ውስጥ ገብቶ እየሠራ ነው የሚያሳልፈው። እዚያም ተሳካ አልተሳካ ሌላ ጉዳይ ነው። እኔን የገረመኝ ሰውየው በተቀመጡበት ወንበር ላይ ሆነው ወንበሩን መንቀፋቸው ነው። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ሰው ቢነሳ መጀመሪያ «ዶክትሬት አለህ ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ አለኝ ካለ «ታዲያ አንተስ ለምን ተማርክ?» ይባላል፤ የለኝም ካለ «ቅናት ነው» ይባላል።

አሁን ወደ መጠይቁ ልግባ፤ ነገሬ እዚያ ነው ያለው።

የእኔ ጥናት የርዕሳነ መምህራንን የማስተማር አመራር ይለካል። የሚለካበት መሣሪያ የተዋስኩት ነው፤ ፊሊፕ ሃሊንገር የተባሉ ምሁር በ1980ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ ያዘጋጁት። ሃምሳ ጥያቄ አለው፤ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰው ተጠቅሞበታል፤ መሣሪያው በራሱ ምንም አላደረገኝም። እኔ ነኝ ወደ አማርኛ የመለስኩት። ከጥያቄዎቹ አንዱ ርዕሰ መምህሩ ጎበዝ ተማሪዎችን በትምህርት ቤቱ ጋዜጣ ላይ ስማቸውን እያነሳ ያበረታታል ወይ የሚል ዓይነት ነው። እኛ ጋ የፈተና ወረቀት ማባዣ ቀለም ካለቀ ወር ሆኖታል። ጥያቄውን ልሰርዘው ስል አማካሪዬ «መሣሪያው ይፋለሳል» አለኝ። ጋዜጣው እንዳለ ገባ።

መልሱ በሳጥን ነው። በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ መወሰን አልችልም፣ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም። ይሄን አምስት ደረጃ ሬንሲስ ሊከርት የተባለ አሜሪካዊ በ1932 ነው ያወጣው። ሊከርት ምናልባት ያላሰበው ነገር አለ። እሱ «መወሰን አልችልም» ሲል አስቦ አስቦ ያልቆረጠለትን ሰው ነው የገመተው። የእኛ መምህር «መወሰን አልችልም» የሚለው ላይ ምልክት ሲያደርግ ግን ወስኖ የጨረሰ ሰው ነው። ማን እንደሚያነበው አያውቅም፣ ነገ ማን እንደሚሾም አያውቅም፣ ስሙን አትጻፍ ቢሉትም የእጅ ጽሑፉ እንደሚታወቅ ያውቃል። ሦስተኛዋ ሳጥን የደኅንነት ቦታ ናት። በኮምፒውተር ስትደመር ግን «መካከለኛ» ተብላ ትወጣለች።

ስድስት ትምህርት ቤቶች መረጥኩ። አንዱ የድሮ ትምህርት ቤቴ ነው። የራስህን ቤት አታጥና የሚባል ነገር አለ፤ ከለቀቅኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፣ አሁን ሌላ ርዕሰ መምህር ነው ያለው ብዬ አስገባሁት። ግንቦት 2014 ላይ 28 መጠይቅ በትኜ፣ በሳምንቱ 28ቱም ተሞልተው ተመለሱልኝ። ደስ አለኝ። መቶ በመቶ የሚመለስ መጠይቅ ማንም አያገኝም። ኤስፒኤስኤስ ውስጥ አስገባሁት፤ አማካይ 3.41 መጣ። የትምህርት ቤቱ የማስተማር አመራር «ከመካከለኛ በላይ» ነው ብዬ ጻፍኩ። ጠረጴዛ ሠራሁ፣ ከጠረጴዛው ሥር ሁለት አንቀጽ ማብራሪያ አደረግኩ።

ከዚያ የ12ኛ ክፍል ፈተና መጣ። የ2014 ተፈታኞች ኩረጃ እንዳይኖር በጥቅምት 2015 ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተወስደው ተፈተኑ። ውጤቱ ጥር 2015 ላይ ተነገረ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋው ተፈታኝ ከግማሽ በላይ ያመጣው 29,909 ብቻ ነው፤ 3.3 በመቶ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በሚቀጥለው ዓመት ይባስ ብሎ 3.2 በመቶ ሆነ፣ ማንንም ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,328 ደረሱ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ቀና ብሏል፤ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ። ቀና ማለት ይሄ ከሆነ ማለቴ ነው።

ከ1,161ዱ አንዱ የእኔ ትምህርት ቤት ነበር። አማካይ 3.41 የሆነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተናገርኩ ይሄ ጽሑፍ ውሸት ይሆናል። እኔ ርዕሰ መምህር በነበርኩበት ዘመን ትምህርት ቤቱ ያሳልፍ ነበር። በደንብ ያሳልፍ ነበር። ፈተናው እዚያው ግቢያችን ውስጥ ይሰጣል። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ በአገር ደረጃ ሲቋረጥ ሁሉም ተደነቀ፤ እኛ ጋ ያለነው ብዙም አልደነቀንም። ብጣሽ ወረቀት በመስኮት ይገባል፤ ስልክ በካልሲ ውስጥ ይገባል፤ ፈታኙ ወደ ውጭ ዛፍ ዛፉን ያያል። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ቀን ጮኽኩ። በሦስተኛው ቀን የአካባቢው ሽማግሌዎች መጥተው «የሰው ልጅ አታሳድ፤ ሌላው ሁሉ ሲሠራ የእኛ ልጆች ለምን ይቅሩ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲያ እኔም ዛፍ ማየት ጀመርኩ። ትምህርት ቤታችን በዞኑ ሁለተኛ ወጣ፤ «ለውጤታማ የትምህርት አመራር» የሚል ሰርተፊኬት ተሰጠኝ። ያንን ሰርተፊኬት ዶክትሬት ለመግባት ስመዘገብ ከማመልከቻዬ ጋር አያይዤዋለሁ። ፈታኞቹ ኮሚቴዎች አገላብጠው ሲያዩትም አይቻለሁ።

እንግዲህ የካቲት 2015 ላይ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አሁንም በትክክል አላውቅም፤ ለራሴ ያልኩት «ግኝቱን ለተሳታፊዎች ለማሳወቅ» ነው፤ በፕሮፖዛሌ ላይ ቃል የገባሁት ስለነበረ። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የሒሳብ መምህሩን አገኘኋቸው። 31 ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ እኔ አለቃቸው በነበርኩበት ጊዜም አንተ እያሉ ነው የሚያዙኝ። ወረቀቴን አወጣሁና ጠረጴዛውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩት።

«ይሄ 3.41 ምንድነው?»

«አማካዩ ነው ጋሼ። የመምህራኑ አስተያየት።»

«የየትኞቹ መምህራን?»

«የእናንተ ነዋ። ግንቦት ላይ የሞላችሁት።»

ወረቀቱን መለሱልኝ። «ስማ፤ ከሃያ ስምንቱ አሥራ ዘጠኙን የሞላሁት እኔ ነኝ።»

ቀልድ መሰለኝ።

«ልጆቹ ማጠናከሪያ ያስተምሩ ነበር፤ የፈተና ሰሞን ነው። ሃምሳ ጥያቄ ማን ያነባል? አንተ ደግሞ እስከ ዓርብ ብለሃል። ለአንተ ብዬ ማታ ቤቴ ወስጄ ሞላሁት። እስክሪብቶ እንኳ እየቀያየርኩ።»

«ታዲያ ሦስት ሦስት፣ አራት አራት ለምን አደረጉት?»

«አምስት ብሰጥ አንተ አታምነኝም። አንድ ብሰጥ ያኛው ዳይሬክተር ቢያገኘው ያዝንብኛል፤ ገና ልጅ ነው፣ ለምን ሞራሉን ልንካ?» ትንሽ ቆዩና «ባይሆን ስለ ጋዜጣው የጠየቅከው ላይ እውነቱን ጽፌልሃለሁ» አሉኝ።

ቤቴ ገብቼ መጠይቆቹን ከካርቶን አወጣኋቸው። እውነታቸውን ነው። በአንዱ ላይ፣ ከጋዜጣው ጥያቄ ጎን፣ በቀጭን እስክሪብቶ «የቱ ጋዜጣ?» ተብሎ ተጽፏል። ከ28ቱ መጠይቅ ውስጥ አንድ ሰው ለእኔ የተናገረው ነገር ቢኖር ያች ሁለት ቃል ናት። ኤስፒኤስኤስ ግን ቃል አይቀበልም፤ ቁጥር ነው የሚፈልገው። እኔም ቁጥሩን አስገብቼ ቃሉን አልፌው ነበር።

በዚያን ቀን ከመለያየታችን በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «እና ስትጨርስ ትመለሳለህ?» አሉኝ። የሰው ኃይሏ ልጅ ስለ መደቡ ያለችኝን ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደመወዙንማ አልጠየቅኩህም» አሉኝና ደወል ተደወለ፤ ክፍል ነበራቸው፣ ጠመኔያቸውን ይዘው ሄዱ።

ለአማካሪዬ የሆነውን ነገርኩት። «ካልተማመንክበት አውጣው፤ አምስት ትምህርት ቤት ይበቃሃል» አለኝ። ጥሩ ምክር ነው፤ በእሱ አልፈርድም። ምክንያቱን የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ። በምዕራፍ ሦስት ላይ በአንዲት መስመር፣ በእንግሊዝኛ፣ አንድ ትምህርት ቤት የተሟላ ምላሽ ባለመገኘቱ ከጥናቱ መውጣቱን ገለጽኩ። 28 ከ28 የተመለሰልኝን ትምህርት ቤት! ያ ትምህርት ቤት እኔን ርዕሰ መምህር አድርጎኛል፣ ሰርተፊኬት ሰጥቶኛል፣ ዶክትሬት አስገብቶኛል፤ በጥናቴ ውስጥ ግን የለም። የሌሎቹን አምስት ትምህርት ቤቶች መጠይቅ ማን እንደሞላው ሄጄ አልጠየቅኩም። ይህን እዚህ በአማርኛ ስጽፈው አልከበደኝም። እዚያ በእንግሊዝኛ መጻፍ ነበር የሚከብደኝ፤ እዚያ አልጻፍኩትም። የሒሳብ መምህሩ እዚያኛውን አያነቡትም። ይሄኛውን ግን ጋዜጣ የሚያመጣላቸው ሰው ካለ ያነቡት ይሆናል።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይሄን ሁሉ ስነግራቸው «ሁሉም እንዲሁ ነው፣ ጨርስና ተገላገል» ይሉኛል። ሌሎች ደግሞ «ዲግሪው ራሱ ከንቱ ነው» ይላሉ። ሁለተኛውን አልቀበልም። በነዚህ ዓመታት ውስጥ ያነበብኳቸው ነገሮች ቀድሞ ርዕሰ መምህር ሳለሁ ባውቃቸው ኖሮ ስል ብዙ ጊዜ ተቆጭቻለሁ። መምህር ክፍል ገብቶ ሲያስተምር ቁጭ ብሎ ማየት፣ ከዚያ ሳይፈርዱ ማነጋገር የሚባል ነገር አለ፤ ቀላል ይመስላል፣ በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን በደንብ አላደረግኩትም። ክፍል የምገባው ለነጥብ ነበር። ዕውቀቱ አለ ማለቴ ነው። ዕውቀቱ የሚሰጠን ግን ከክፍሉ ከወጣን በኋላ ነው፤ የሚሰጠንም ስለወጣን ነው። ርዕሰ መምህሩ ደወል እየደወለ የሚማርበት፣ ጥናቱን የራሱ መምህራን በሚያነቡት ቋንቋ ጽፎ እነሱው ፊት የሚያቀርብበት ዶክትሬት ቢኖር፣ ፈታኞቹ ወንበር ላይ አንድ የ31 ዓመት መምህር ቢቀመጥ፣ እኔ ያቺን አንዲት መስመር ለመጻፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን ፈታኞቼ ሦስት ዶክተሮች ናቸው። 28ቱን መጠይቅ አላዩትም፤ አይጠይቁኝም።

ባለፈው ወር ስልኬ ጠራ። የድሮው ትምህርት ቤቴ የአሁኑ ርዕሰ መምህር ነው፤ ያ የሒሳብ መምህሩ «ገና ልጅ ነው» ያሉት። በሳምንት አራት ክፍለ ጊዜ ኬሚስትሪ ያስተምራል፤ ቢሮው ተቆልፎ ሲገኝ ክፍል ገብቶ ነው ይባላል። ባለፈው ዓመት ፈተና ሦስት ልጆች አሳልፏል፤ በኩረጃ አይደለም።

«ዶክተር፣ እንደምን ነዎት?» አለኝ።

«ገና ነኝ፤ ዶክተር አትበለኝ። ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። ለዶክትሬት እያመለከትኩ ነበር፤ የትምህርት አመራርና ፖሊሲ። የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፉልኛል ብዬ ነው። ዓርብ ይዘጋል።»

ዝም አልኩ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎት «ሄሎ? ሄሎ?» አለ።

«አለሁ» አልኩት። «እኔ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደማውቅህ ጻፍልኝና ላክልኝ።»

ሐሙስ ማታ ተቀምጬ ጻፍኩለት። ክፍል እንደሚገባ ጻፍኩ። ሦስቱን ልጆች ጻፍኩ። አንድ ገጽ ሞላ፤ ጥሩ ደብዳቤ ነው።